የሳጅን ለተማርያም አርባ አንድ በሮች

ሳጅን ለተማርያም ግርማን ሐረር፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ የማያውቃት ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ ነው ወይ የሚደብቀው ነገር አለው። መለዮዋን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ፣ በዚያ ከባድ ጥቁር ጫማ የድንጋዩን መንገድ እያስጮኸች ስትመጣ፣ ገና ሳትታይ ትታወቃለች። አርባ አራት ዓመቷ ነው። ሳቋ ትልቅ ነው፤ ቁጣዋም የዚያኑ ያህል። የጦር መሣሪያ ይዛ የሚያያት የለም፤ የምትይዘው ጠርዙ የተበላ ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶና ስልኳን ነው።

ሥራዋ ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ይባላል። ስሙ ይረዝማል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ፖሊሷ ጣቢያ ቁጭ ብላ ከሳሽ አትጠብቅም፤ የራሷ ቀጠና ተሰጥቷት፣ በእግሯ እየዞረች፣ ከነዋሪው ጋር እየመከረች ወንጀሉ ሳይፈጸም ትደርስበታለች። ለእሷ የተሰጣት ከጊደር መጋላ ገበያ ጀርባ ያለች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታሳልፍ አንዲት ጠባብ መንገድና በግራ በቀኝ የተደረደሩት አርባ አንድ ቤቶች ናቸው። ስድስት ዓመት ዞራቸዋለች። የማን ጣሪያ ዝናቡን በማን ግድግዳ ላይ እንደሚደፋ፣ የትኛው ባል ጫት ሲያጣ እንደሚጮህ፣ የትኛዋ ምራት አማቷን እንዳኮረፈች ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ባሏ ሚልኪያስ፣ ጨዋታ የሚወድ መምህር፣ «ለመሆኑ ደመወዝ የሚከፍሉሽ ለፖሊስነት ነው ለሐሜት?» እያለ ይቀልድባታል።

«ሐሜቱ ባይኖር ፖሊሱ ምን ሊሠራ!» ትለዋለች።

አንድ ጉራ ነበረባት። ቅድመ አያቷ ከሸዋ ወታደር ሆነው መጥተው እዚያው ቀርተዋል፤ እሷም ከግንቡ ውጪ ተወልዳ ያደገች የሐረር ልጅ ነች። አማርኛው የራሷ ነው፣ ኦሮምኛውን ታቀላጥፈዋለች፣ ሐረሪኛውም ለመቀለድና ስትሰደብ ለማወቅ ይበቃታል። ስለዚህ ከሌላ ክልል የተመደቡ ባልደረቦቿ ግራ ሲገባቸው፣ «ለእኔ ተዉት፤ ሐረርን እኔን ጠይቁኝ» ማለት ትወዳለች። አይፈረድባትም፤ ብዙ ጊዜ እውነቷን ነበር።

ከመጋቢት ወዲህ ግን ቀጠናዋ ተደፈረ። በሁለት ወር ውስጥ አራት ቤት ተዘረፈ፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ። ከአንዱ የብር ድሪ፣ ከሌላው የቤቱ እመቤት ከሙሽርነቷ ጀምሮ ግድግዳ ላይ የሰቀለቻቸው፣ እናቷ የሰፋቻቸው የአለላ ስፌቶች። ሰንዱቅ አልተሰበረ፣ ግድግዳ አልተነደለ። ሌባው ገባ፣ ወሰደ፣ ወጣ። ከዕቃው ይልቅ ለተማርያምን ያሳሰባት ሌላ ነበር። ጎረቤት ጎረቤቱን በጎን ማየት ጀመረ። «የውስጥ ሰው ነው» የምትል ቃል ከቤት ቤት መዞር ጀመረች። እንዲህ ያለች ቃል ሰፈር ትበትናለች።

የጣቢያው ኃላፊ ኢንስፔክተር ዮሐንስ ጠራት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወጣት ነው፣ ከሩቅ የተመደበ ነው፣ ከላይ ሪፖርት ይጠየቃል። «ሳጅን፣ አንድ ወር አለሽ» አላት። «ስርቆቱ ካልቆመ አንቺ ወደ ቢሮ ትመለሻለሽ፤ እዚያ መንገድ ላይ መሣሪያ የታጠቀ ተረኛ አቆማለሁ።» ከዚያም አንድ ክምር ወረቀት ሰጣት። «በርዎን ይዝጉ፤ ንብረትዎን ይጠብቁ» ይላል። በየሳምንቱ የምትሞላው ቅጽም አብሮ ነበረ፤ ከቅጹ ዓምዶች አንዱ «በቀን የተዘጉ በሮች ብዛት» የሚል ነው።

የታጠቀ ተረኛ በዚያች መንገድ! ልጅ የሚጫወትባት፣ ሴቶቹ ከደጃፍ ደጃፍ የሚጠራሩባት መንገድ! ለተማርያም ቀጠናዋን ለማንም አሳልፋ ላትሰጥ ቆርጣ፣ ወገቧን ጠበቅ አድርጋ ወጣች።

አርባ አንዱንም ቤት አዳረሰች። ሁሉም ወረቀቱን ተቀበለ፣ ሁሉም ሻይ ጠጪ አላት፣ አንድም ሰው በሩን አልዘጋም። በጊደር መጋላ ቅመም የምትሸጠው ሀቢባ፣ የሴቶቹ አፎቻ መሪ፣ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። አፎቻ በሠርግና በለቅሶ አብሮ የሚቆም የሰፈር ማኅበር ነው፤ መሪዋ ሳትስማማ በዚያ መንገድ ድመትም አታልፍም።

«አንቺ ልጅ፣ በቀን በር ዘግቼ ምን ልሆን?» አለች ሀቢባ።

«ሌባ እንዳይገባብዎ ነዋ፣ እትዬ ሀቢባ!»

«ሌባው አንድ ነው። ጎረቤቴ አርባ ቤት ነው።»

ለተማርያም ሳቀች። ግትርነት መሰላት፤ ልማድ ነው፣ ቀስ በቀስ ይለቃል ብላ አለፈች። ምነው ያን ጊዜ ቆም ብላ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብላ በጠየቀች! አልጠየቀችም፤ የሐረር ልጅ ነቻ! እነሱም አልነገሯትም፤ የሐረር ልጅ ናት፣ ታውቃለች ብለው።

ከሁሉም ቃሏን የሰማቻት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ ነጂባ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን የሚኖሩ ስፌት ሰፊ፤ ልጃቸው ሶፍያ ከግንቡ ውጪ፣ በአዲሱ ከተማ ትኖራለች፣ ዓርብ ዓርብ ትመጣለች። ለተማርያምን «የእኔ ፖሊስ» ነው የሚሏት። ቅዳሜ ጠዋት ያንን ከባድ የእንጨት በር ከውስጥ ሸጎሩት። በስንጥቁ በኩልም፣ «ልጄ፣ እንዳልሽኝ አደረግሁ» አሏት።

«እሰይ፣ እማማ ነጂባ! እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር!» አለችና ቅጹ ላይ አንድ ብላ ጻፈች።

እሑድ ዕረፍቷ ነበር። ሰኞ በመንገዱ ስታልፍ በሩ ዝግ ነው፤ ደስ ብሏት አለፈች። ማክሰኞም ዝግ ነው፤ አሁንም ደስ ብሏት አለፈች። ክፍት ቢሆን ኖሮ እንደ ወትሮዋ አንገቷን አስግጋ «ቤቶች! እንዴት አደሩ?» ትል ነበር። የተዘጋ በር ግን ምን ይንኳኳል? ሥራው ተሠርቷል።

ረቡዕ ጠዋት ሀቢባ መንገድ ላይ ጠብቃ ያዘቻት። ፊቷ ጠቁሯል።

«ነጂባን አናግሪያት እስቲ» አለቻት። «በእኔ ላይ ነው የዘጋችው። ባለፈው ሰሞን ሠርግ ላይ የስፌቷን ቀለም ደብዝዟል ብዬ ቀልጄ ነበር፤ ለእሱ ነው። አርባ ዓመት አብረን ኖረን ለቀልድ በር ይዘጋል? እኔ ብቻ ብሆን ግድ የለም። ሰፈሩን ሁሉ ነው የዘጋችው! ቅዳሜ ሁሉም አየ፣ ሁሉም ተቀየመ፣ ማንም ደጇን አልረገጠም።»

ለተማርያም ግራ ገባት። «ምን ማለትዎ ነው? የዘጉት ለሌባ ነው እኮ። እኔ ነኝ ዝጉ ያልኳቸው።»

«ለሌባ?» አለች ሀቢባ። «ያንን ወረቀትሽን ከልቡ የሰማ ሰው ይኖራል አላልኩም። በቀን የተዘጋ በር እዚህ ለሌባ አይደለም። ተጣልተናል፣ አትምጡብኝ ማለት ነው። አንቺ ይህን አታውቂም?»

አላወቀችም። አርባ አራት ዓመት ሐረር ኖራ አላወቀችም።

ሀቢባ ወደ ነጂባ በር ዞረች። «ታዲያ... ውሃ ማን ቀዳላት?»

በዚያ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። የነጂባን ጀሪካን ጎረቤት እየገባ ይሞላላቸዋል፣ ጎረቤት እየገባ እንጀራ ያቀምሳቸዋል፣ ጎረቤት እየገባ ስልካቸውን ቻርጅ ያደርግላቸዋል። አራት ቀን ማንም አልገባም። ለተማርያም በሩ ላይ በሁለት እጇ ወደቀችበት። «እማማ ነጂባ! እማማ!» መልስ የለም። አናጢው ቡሽራ ከሱቁ መዶሻና ዲጂኖ ይዞ ሮጦ መጣ፤ ሦስቱ ተጋግዘው ሰበሩት።

ነጂባ ከመደቡ ሥር፣ በቀዩ ወለል ላይ በጎናቸው ወድቀዋል። ሰኞ ከንጋት ሶላት በኋላ ከመደቡ ሲወርዱ እግራቸው ከድቷቸው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ሕይወታቸው አላለፈም። ከንፈራቸው ደርቋል፣ ዓይናቸው ጎድጉዷል። ለተማርያምን ሲያዩ ከንፈራቸውን አላቀቁና፣ «ልጄ፣ ለማንም አልከፈትኩም» አሉ።

እንዲህ ያለውን ቃል ሰምቶ የሚችለው ማን ነው? ለተማርያም ተንበርክካ ራሳቸውን አቀፈቻቸው፤ ሀቢባ ጣቷን ውሃ ውስጥ እየነከረች ከንፈራቸውን ታረጥባለች፣ አፏ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላል። ቡሽራ «ባጃጅ አይገባም» ብሎ ሳንቃ አመጣ፤ በእሱ ተሸክመው እስከ ትልቁ መንገድ አወጧቸው።

ማታ ሆስፒታል አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ሳለች ነጂባ ነቁ። ምንም ወቀሳ አልነበረባቸውም፤ እሱ ነው የባሰው። «ጫማሽን እሰማው ነበር» አሏት። «ሰኞም አለፍሽ፣ ማክሰኞም አለፍሽ። ጠራሁሽ፤ ግንቡ ወፍራም ነው፣ አልሰማሽኝም። ግን የእኔ ፖሊስ እዚህ አለች ብዬ ልቤ ያርፍ ነበር።»

ለተማርያም ኮሪደር ላይ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። አላለቀሰችም። በማግስቱ ምን እንደምታደርግ እዚያው ቆማ ወሰነች።

በማግስቱ ኢንስፔክተር ዮሐንስ ሪፖርቱን አነበበና ብዕሩን አስቀመጠ። «ይህ ምንድን ነው? ‹በእኔ ምክር ምክንያት› ምን የሚሉት ነው? አሮጊት ወደቁ፣ አደጋ ነው። ያንን መስመር አውጪው።»

«አላወጣውም፣ ጌታዬ። ዛሬ ከሰዓት የሴቶቹ አፎቻ ይሰበሰባል፤ ሄጄ ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ። በር ዝጉ የሚለውንም አነሣለሁ።»

«ፖሊስ ሕዝብ ፊት ቆሞ ጥፋተኛ ነኝ አይልም! ነገ ማን ይሰማሻል?»

«ነጂባ ሰምተውኝ ነው ለዚህ የተዳረጉት» አለች።

ኢንስፔክተሩ ሪፖርቱን አጠፈው። ከዚያ፣ «ከወሩ የቀረሽ አሥራ ስምንት ቀን ነው። አንድ ቤት ከተዘረፈ ግን በኋላ አትለምኚኝ» አላት። እሷም ሰላምታ ሰጥታ ወጣች።

ሀቢባ ቤት ሴቶቹ በየመደቡ ሞልተው ተቀምጠዋል። ለተማርያም ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ መለዮዋንም አወለቀች፣ ዝቅተኛው ቦታ በሩ አጠገብ ነውና እዚያ ቆመች። ያደረገችውን ሳታሳምር ተናገረች። «በሩ ዝግ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር። አልጠየቅኳችሁም፣ አውቃለሁ ብዬ። እሳቸው እያቃሰቱ እኔ በደጃቸው ሁለት ቀን ተደስቼ አለፍኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የሰጠኋችሁን ወረቀት ጣሉት። ሌባውን ግን አልተውኩትም፤ እንዴት እንደምይዘው አላውቅም፤ እናንተ አስተምሩኝ።»

ከወዲያ ጥግ አንዲት ሴት፣ «ፖሊስ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም፣ ወላሂ» አለች፣ ለጎረቤቷ የምታንሾካሹክ መስሏት፤ ሁሉም ሰማት።

ሀቢባ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኔም አይቼ ነው ያኮረፍኩት። አንድ ጊዜ ባንኳኳ ምን እሆን ነበር? ስለዚህ ቁጭ በይ፣ ብቻሽን አትቁሚ። ያ ደብተርሽ የት አለ? ቀኖቹን አንብቢልን።»

ለተማርያም ከፍታ አነበበች። መጋቢት አሥራ ሁለት። ሴቶቹ ተያዩ፤ «የሐጂ ዑመር ለቅሶ» አለች አንዷ። መጋቢት ሃያ ሰባት። «አስመዲን በር ሰፈር የተዳረችው ሙሽራ አያት ለቅሶ።» ሚያዝያ አምስት፣ ሚያዝያ ሃያ ሁለት፤ ለቅሶ፣ ለቅሶ። አዬ ጉድ! ፖሊስ ቀኑን ይዟል፣ ሴቶቹ ለቅሶውን ይዘዋል፤ ሁለት ወር ሙሉ አንዱ ለሌላው አላነበበለትም። ሌባው የሚመጣው አፎቻው በሙሉ ለቅሶ ቤት ሲውል ነው።

«እንግዲህ በለቅሶ ቀን አንድ ሰው ይቅርና መንገዱን ይጠብቅ» አለች ለተማርያም።

ጫጫታ ተነሣ። ከለቅሶ መቅረት! ሰው ምን ይላል? የቀረች ሴት ስሟ ዓመት ሙሉ ይነሣል። አንዷ ወደ አንዷ ስትመራ፣ አንዷ ልጇን ስታመካኝ ቆዩ።

«እኔ እቀራለሁ» አለች ለተማርያም። «እኔ አፎቻ የለብኝም።»

«ከዛሬ ጀምሮ አለብሽ» አለቻት ሀቢባ። ሴቶቹ ሳቁ፤ ነገሩ በዚያው ጸና።

ነጂባ ከሆስፒታል አልተመለሱም። በእሳቸው ዕድሜ አጥንት አይጠግንም፤ ሳንባቸውም ታመመ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ማለዳ ዐረፉ። ለተማርያም ከዚያ በፊት በየቀኑ እየሄደች እጃቸውን ይዛ ትቀመጥ ነበር። ዜናውን የነገረቻት ሶፍያ ናት፣ በስልክ። ቀብሩ የዚያኑ ዕለት ተፈጸመ፤ ለቅሶው በአዲሱ ከተማ፣ በሶፍያ ቤት ሆነ።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን ተከናንበው በመንገዱ ላይ ተሰበሰቡ። ወንዶቹ ቀድመው ሄደዋል። ለተማርያም ለመሄድ እግሯ ተነሥቶ ነበር። ከእነዚያ ሁሉ ሴቶች ይልቅ ማልቀስ ያለባት እሷ አልነበረችም? ሀቢባ አየቻት።

«ሂዱ» አለች ለተማርያም። «እኔ እዚህ ነኝ።»

ሄዱ። መንገዷ ባዶ ሆነች። አርባ አንዱም በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የነጂባም ጭምር፣ ቡሽራ ጠግኖት። ስልኳ ጮኸ። ኢንስፔክተር ዮሐንስ ነው። «ሳጅን፣ ለቅሶ አለ አሉ። ስንት በር ተዘግቷል?»

«አንድም።»

«ምን አልሽ?»

«አንድም አልተዘጋም፣ ጌታዬ። እኔ አለሁ።» ስልኩን ዘጋችው። አለቃ ላይ ስልክ ስትዘጋ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ጫማዋ ድምፅ እንዳይሰጥ በሀቢባ ቤት ትይዩ ካለው በር ገባ ብላ፣ ጥላው ውስጥ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሰዓት ሄደ። ነጂባ ትዝ ሲሏት ጥርሷን ትነክሳለች፤ ዓይኗ እንባ ካቀረረ መንገዱ አይታያትም።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ አንዲት ሴት መጣች። ጥቁር ነጠላ ተከናንባለች፣ ክንዷ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ ሰፌድ ይዛለች፤ ለቅሶ ቤት ምግብ የምታደርስ ሴት። በእርጋታ ነው የምትራመደው። ማን ይጠረጥራታል? ሀቢባ ቤት ገባች። ከአፍታ በኋላ ስትወጣ ሰፌዱ ከብዷት ወደ ጎን አዘንብሏል።

ለተማርያም ከድንጋዩ ተነሥታ መንገዱን ዘጋች። «እንደምን ዋልሽ እህቴ። ወዴት ነው?»

«ለቅሶ ነው። አርፍጄ» አለች ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ።

«የማን ለቅሶ?»

«የ... የሟቿ ነዋ።»

«ስማቸውን ጥሪልኝ» አለች ለተማርያም። «የምታለቅሽላቸውን ሴት ስም አንድ ጊዜ ጥሪልኝና ልልቀቅሽ።»

ሴትዮዋ የምትጠራው ስም አልነበራትም። ሰፌዱን ጥላ ልትሮጥ ስትል ለተማርያም ክንዷን ያዘች፤ ከጨርቁ ሥር የሀቢባ የብር አምባርና ሁለት ስፌት መንገዱ ላይ ተንከባለሉ። ከሩቅ ሰፈር የመጣች፣ ለቅሶ እያነፈነፈች የምትዞር ሴት ናት። የውስጥ ሰው አልነበረችም። ከጣቢያው ሁለት ኮንስታብሎች መጥተው ወሰዷት፤ ከኋላቸው ኢንስፔክተር ዮሐንስ ራሱ መጣና የተከፈቱትን በሮች አንድ በአንድ አየ። «ቅጹን እናስተካክለዋለን» አላት። «አብረሽ ነይና ቃልሽን ስጪ።»

«ሴቶቹ ሳይመለሱ ከዚህ አልነቃነቅም» አለችው። አልነቃነቀችምም።

ሀቢባ ከሌሎቹ ቀድማ ብቻዋን ተመለሰች። ወሬው ደርሷታል። ሮጣ ቤቷ አልገባችም፣ የተሰረቀባትንም አልጠየቀችም። ዓይኗ አብጧል። ለተማርያም አሁንም ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች፣ ደብተሯ ጭኗ ላይ ነው፣ ምንም አልተጻፈበትም።

ሀቢባ ትከሻዋን ይዛ አስነሣቻት፣ እራሷም በድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«መንገዱን እኔ እይዛለሁ» አለቻት። «አንቺ ሂጂ። ሶፍያ ስትጠይቅ ነው የዋለችው፣ የእናቴ ፖሊስ የት አለች እያለች። ሂጂ፣ አልቅሺ አሁን።»

ለተማርያም መለዮዋን አውልቃ በብብቷ ያዘችና ወደ አዲሱ ከተማ መንገድ ጀመረች። ከግንቡ በር ሳትደርስ፣ ጫት ሻጮቹና የባጃጅ ነጂዎቹ እያዩአት፣ ድምፅዋን አውጥታ ታለቅስ ነበር።